ጫማውን ያወለቀው እንግዳ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ደረሰ። ከደብረ ማርቆስ በሰሜን ምዕራብ፣ ሰከላ ላይ ከኮረብታው ቆሞ የዓባይን ምንጭ ቁልቁል አየ። ሊወርድ ሲል ግን መንገድ መሪው ወልዶ ጫማውን እንዲያወልቅ ነገረው፤ የአገሩ ሰው ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ምንጩ እንዲቀርብ አይፈቅድም። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ ቁልቁለቱን ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ወደቀ። ይህን የጻፈው ራሱ ነው።

በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ግን ከርዕሱ ጀምሮ የዓባይን ምንጭ «ለማግኘት» ስለተደረገ ጉዞ ያወራል። ከአውሮፓውያንም ቢሆን ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል፤ ብሩስ ይህን አልቀበልም ብሎ ተከራክሯል። ጫማ ያስወለቁት የአገሩ ሰዎች፣ አገዎች፣ በክርክሩ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም።

ከእነሱ አንዱን በስም እናውቀዋለን፤ ክፍለ ዓባይ ይባላል። ጢሙ የሸበተ፣ ዕድሜው ሰባ ገደማ የሆነ የምንጩ አገልጋይ ነበር። ብሩስ እንደሚለው፣ አገዎች በየዓመቱ ተሰብስበው ጊደር ያርዱ ነበር፤ ወንዙንም ሰምቶ እንደሚመልስ ሕያው እየጠሩ ይለምኑት ነበር።

ይህን መሰሉን እምነት እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 «አኒሚዝም» ብሎ ሰየመው፤ በሰው ልጅ የአስተሳሰብ መሰላል ታችኛው እርከን ላይም አኖረው። ጥፋቱን ሁሉ ለፈረንጅ ሰጥተን ግን አንገላገልም። በብሩስ ትረካ አገዎቹን አረማውያን የሚላቸው ወልዶ ነው። እኛም ብንሆን የጎረቤታችንን እምነት ሳንጠይቅ «ባዕድ አምልኮ» ብለን ዘግተናል።

ግሽ ዛሬ የጠበል ቦታ ነው። ምእመናን እንደሚተርኩት፣ ጻድቁ አቡነ ዘርዓ ብሩክ በተሰደዱ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ሲመለሱም ውሃ ሳይነካቸው ተቀበሏቸው። ክፍለ ዓባይ ያነጋግረው የነበረው ውሃ በክርስቲያኑም ትረካ አደራ የሚቀበል፣ አደራውንም የሚመልስ ነው።

የሰውን ባህል የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ምንጭ መማር ያለበት ይመስለኛል። ከሽማግሌ አፍ የተሰማ ዕውቀት አደራ ነው፤ ሰሚው የራሱ ግኝት ሊያደርገው አይገባም። ክፍለ ዓባይ በታሪካችን ውስጥ የብሩስ አስተናጋጅ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የዚያን ውሃ ሥርዓት የሚያውቅ፣ እንግዳውንም ያስተማረ ሊቅ ነበር። ብሩስም ምንጩ ጋ የደረሰው መጀመሪያ ሥርዓቱን አክብሮ፣ በባዶ እግሩ ነው።