የንጉሡ አጸድና የየዘመኑ ቀራፂያን

ከሮማ ተጭኖ የመጣ አንድ ግዙፍ የእብነ በረድ ሐውልት በ1685 ፈረንሳይ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐውልቱ ንጉሥ ሉዊ 14ኛን በፈረስ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ሲሆን፣ የቀረጸውም በዘመኑ ስሙ በመላው አውሮፓ የገነነው ጣሊያናዊ ጠቢብ ጂያን ሎሬንሶ ቤርኒኒ ነበር። ቤርኒኒ ግን ሥራው ከንጉሡ ፊት ሲቀርብ ለማየት አልታደለም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በ1680 ሞቷል። ንጉሡ ሐውልቱን በቬርሳይ ባየው ጊዜ ፈጽሞ አልወደደውም። ከቆመበት እንዲነሣ ብቻ ሳይሆን እንዲሰባበርም አስቦ እንደ ነበር ከባለሟሎቹ አንዱ በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። ሐውልቱ ከመሰበር ቢድንም መልኩን ይዞ አልቀረም። ፈረንሳዊው ቀራፂ ፍራንስዋ ዢራርዶን መሮውን አንሥቶ ንጉሡን ማርኩስ ኩርቲዩስ ወደተባለ የጥንት ሮማዊ ጀግና ለወጠው፤ ከዚያም የኋላ ኋላ “የስዊሶች ኩሬ” ከሚባለው ውሃ ማዶ፣ ከቤተ መንግሥቱ መስኮቶች እጅግ ርቆ እንዲቆም ተደረገ።

ከ2008 ጀምሮ በዚሁ አጸድ ለጊዜው ስለቆሙት የዘመናችን ቅርጻ ቅርጾች ብዙ ተጽፏል፤ ክስም ተመሥርቷል። የተቃዋሚዎቹ ቃል በአጭሩ ሲገለጽ፣ የታላቁ ዘመን ቅርስ ባዕድ በሆነ አዲስ ሥራ ሊነካ አይገባም የሚል ነው። ይሁን እንጂ የቬርሳይ አጸድ ገና ከጥንስሱ የአዲስ ሥራ አደባባይ ነበር። ሉዊ 13ኛ በ1623 ለአደን ማረፊያ ያሠራው መጠነኛ ቤት በልጁ ዘመን ወደ ታላቅ ቤተ መንግሥት ሲለወጥ፣ አንድሬ ለ ኖትር ከ1661 ጀምሮ መሬቱን ቀየሰ። በገንዳ መካከል ከነፈረሶቹ ብቅ የሚለውን፣ በወርቅ የተለበጠውን የአፖሎን ሠረገላ ዣን ባፕቲስት ቱቢ ከእርሳስ አቀለጠው። በ1674 ደግሞ 24 የእብነ በረድ ሐውልቶች ባንድ ጊዜ እንዲሠሩ ታዘዘ፤ ንድፋቸውን የሰጠው ሻርል ለ ብረን ነው። እነዚህ ሁሉ በሕይወት የነበሩ፣ ከግምጃ ቤት ደመወዝ የሚቀበሉ፣ ሥራቸው በየቀኑ የሚተች ሰዎች ነበሩ። ንጉሡም ጎብኚ አጸዱን በየትኛው መንገድ ገብቶ፣ የት ቆሞ፣ ምን መመልከት እንዳለበት የሚያስረዳ መምሪያ በራሱ አዘጋጅቷል። እንግዲህ ክርክሩ በአሮጌና በአዲስ መካከል ነው ማለት ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ዋናው ጥያቄ በዚያ መሬት ላይ ምን ይቁም፣ የቆመውስ ይነሣ ብሎ የመወሰን ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። በ1685 መልሱ ቀላል ነበር።

የጄፍ ኩንስ ሥራዎች በ2008 ሲቀርቡ የንጉሡ ዘር የሆነ አንድ መስፍን ትርኢቱ ይዘጋ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ነገር ግን አልተሳካለትም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከመጡት ቀራፂያን መካከል አንዳንዶቹ የቦታውን ዝና ከመዋስ ያለፈ ነገር አላደረጉም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሎቹ ግን ቦታውን አንብበው ነበር የመጡት። ጁዜፔ ፔኖኔ ለ ኖትር በተወለደ በ400 ዓመቱ፣ በ2013፣ የነሐስ ዛፎቹን በሕያዋኑ ዛፎች መካከል አቆመ። በታኅሣሥ 1999 የአውሎ ነፋስ ከጣላቸው የቬርሳይ ዛፎች የአንዱን ግንድ ቀድሞ ጠርቦ ስለነበር ለአጸዱ እንግዳ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ኮሪያዊው ሊ ኡፋን ከማይዝግ ብረት የሠራውን ቀስት በሁለት ቋጥኞች መካከል ተከለ፤ በሥሩ ለሚያልፍም ሰው ለ ኖትር የዘረጋው ረጅም አቅጣጫ እንደ አዲስ ተገለጠለት።

በተለይ ለሙያ ባልደረቦች ትኩረት የሚስበው የውሃው ጉዳይ ነው። በ1684 ማርሊ ላይ ተሠርቶ ያለቀው፣ 14 ታላላቅ መንኮራኩሮች ያሉት መሣሪያ የሴንን ወንዝ ውሃ ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋ ነበር፤ ያም ሆኖ ለሁሉም ምንጮች ባንድ ጊዜ የሚበቃ ውሃ አልተገኘም። ስለዚህ የውሃ ሠራተኞቹ በፉጨት እየተጠራሩ፣ ንጉሡ ሲቃረብ ከፊቱ ያለውን ይከፍቱ፣ ያለፈውን ይዘጉ ነበር። በ2016 ኦላፉር ኤሊያሶን በታላቁ ቦይ ላይ ባቆመው የብረት ማማ ውሃ ቁልቁል እንዲወርድ ባደረገ ጊዜ፣ ከቤተ መንግሥቱ በኩል ለሚመለከት ሰው ማማው እየተሰወረ ፏፏቴው ከሰማይ የሚወርድ ይመስል ነበር። የጥንቶቹ መሐንዲሶች ቢያዩት ይቀኑበት እንደ ነበር አያጠራጥርም።

ከሁሉ የከፋው ግን በ2015 በአኒሽ ካፑር ላይ የደረሰው ነው። ቦምቤይ የተወለደው፣ እናቱ አይሁዳዊት የሆነችው ይህ እንግሊዛዊ ቀራፂ “ቆሻሻው ጥግ” ያለውን፣ 60 ሜትር የሚረዝምና እንደ መለከት አፉን የከፈተ የብረት ሥራ “አረንጓዴው ምንጣፍ” በሚባለው ሣር ላይ አኖረ። ጋዜጦች ሥራውን ከንግሥት ገላ ጋር አያይዞ ተናገረ ብለው ከጻፉ በኋላ ቁጣው ነደደ። በጁን ወር ቢጫ ቀለም ተረጨበት፤ ታጠበ። በሴፕቴምበር ደግሞ አይሁድን የሚሳደብ ጽሑፍ በነጭ ቀለም ተጻፈበት። ካፑር በዚህ ጊዜ አይታጠብም አለ፤ ጥላቻው ራሱ እንደ ጠባሳ ሆኖ እንዲታይ ፈለገ። ከከተማው ምክር ቤት አባላት አንዱ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ጽሑፉ ሳይዘገይ ከሕዝብ ዓይን እንዲሰወር በዚያው ወር አዘዘ። የቀራፂው ምክንያት ክብደት ነበረው፤ ሆኖም ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር የመጣ ሰው እንዲህ ያለ ስድብ እንዲያነብ አይገደድም የሚለውም እንዲሁ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ካፑር ስድቡን በስስ የወርቅ ልባጥ ሸፈነው። ወርቅ የማያንስበት ያ ደጅ እንዲህ ላለ ዓላማ የዋለ ወርቅ አይቶ አያውቅም።

በዚያው ዓመት፣ ከዚህ ሁሉ ጩኸት ርቆ፣ ሉዊ 16ኛ በ1775 ያስፈረሰው የ“ውሃ ትያትር” ቁጥቋጦ በአዲስ ንድፍ ተከፈተ። ዣን ሚሼል ኦቶኒዬል በወርቅ ካጌጡ የመስተዋት እንክብሎች የሠራቸው ምንጮች የንጉሡን ዘመን የዳንስ እርምጃ ምልክቶች ተከትለው በውሃው ላይ ይጠማዘዛሉ። ለጊዜው ሳይሆን ለዘለቄታው የተተከሉ ናቸው፤ ክስ ያቀረበባቸውም የለም።

የቤርኒኒ ፈረሰኛ ከኩሬው ማዶ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቆሞ፣ በ1980 ቀለም ተረጭቶበት ተጎዳ። ከጥገና በኋላ ወደ መጠለያ ገባ። በ1988 ግን ከእርሳስ የተቀረጸ ግልባጩ ፓሪስ ውስጥ በሉቭር ግቢ፣ አዮ ሚንግ ፔይ ከነደፈው የመስተዋት ፒራሚድ አጠገብ፣ ወደ ሻንዜሊዜ በሚዘረጋው ታላቅ መሥመር አናት ላይ ተተከለ። ፒራሚዱም በበኩሉ በዚያው ሰሞን የአሮጌውን ቤተ መንግሥት ግቢ አበላሸ ተብሎ ይወገዝ ነበር።