እህል በገበያ፣ ረሃብ በቤት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ገበያ ነው። ገበያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እህል ሸጣችሁ ጨው ገዝታችኋል። ፍየል ሸጣችሁ ግብር ከፍላችኋል። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በገበያ ላይ እህል እያለ ሰው በረሃብ ይሞታል ወይ? መልሱን ከወሎ ታሪክ እናገኘዋለን።

በ1964 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት የክረምቱ ዝናብ ጠፋ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የበልጉ ዝናብ ቀረ። የገበሬው ጎተራ ባዶ ሆነ። በቆላ የሚኖሩት አፋሮች ከብቶቻቸው አለቁባቸው። ሕዝቡ ቤቱን ትቶ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ በሚወስደው መንገድ ዳር ተሰበሰበ። የዘመኑ መንግሥት ነገሩን ደብቆ ቆየ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ታዲያ ምክንያቱ ምን ነበር? «ዝናብ ጠፋ፣ እህል አለቀ፣ ሰው ሞተ» ብለን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን አማርትያ ሴን የሚባሉ ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ነገሩን መረመሩ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ያሳዩት ነገር ብዙዎችን አስገረመ። በዚያ ዓመት በመላው ኢትዮጵያ የተመረተው እህል የቀነሰው በጥቂቱ ነበር። ቀድሞ 100 ኩንታል ይመረት ከነበረ፣ ያኔ 93 ኩንታል ያህል ተመርቷል ማለት ነው። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ቀስ ብለን እንየው።

ነጋዴ እህል የሚያመጣው ሰው ስለተራበ ብቻ አይደለም። የሚያመጣው የሚገዛው ሰው ሲያገኝ ነው። የተራበ ሰው በእጁ ገንዘብ ከሌለ ገበያው አያየውም፤ ድምፁንም አይሰማም። የወሎ ገበሬ የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም የራሱን እህል ነበር። እህሉ ሲጠፋ ምግቡም ገንዘቡም አብረው ጠፉ። የሚገዛ ስለሌለ ዋጋው አልወጣም። ዋጋው ስላልወጣ ነጋዴው ከሌላ አገር እህል አላመጣም። በኢኮኖሚ ትምህርት ይህ ነገር ስም አለው። የመግዛት አቅም ይባላል።

አሁን ደግሞ ከብት አርቢውን እንመልከት። በደጉ ዘመን አንድ በሬ ተሽጦ 3 ኩንታል እህል ይገዛል እንበል። ድርቅ ሲመጣ ሣር ይጠፋል፤ በሬው ይከሳል። ሁሉም አርቢ በአንድ ጊዜ በሬውን ይዞ ገበያ ይወጣል። ሻጩ በዛ፣ ገዢው አነሰ። ስለዚህ የበሬው ዋጋ ይወድቃል። ያው በሬ አሁን 1 ኩንታል እንኳ ላይገዛ ይችላል። አርቢው ሁለት ጊዜ ተጎዳ። ከብቱ ሞተበት፤ የተረፈውም ረከሰበት። አፋሮች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የተጎዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአዋሽ ዳር ያለው ጥሩ የግጦሽ መሬታቸውም ቀደም ብሎ ለጥጥ እርሻ ተወስዶባቸው ነበር።

የቀን ሠራተኛውም እንዲሁ ነው። እርሻ ሲቆም አጫጅና አራሚ የሚቀጥር የለም። ኑሮ የጠበበው ሰው የቤት ሠራተኛውን ያሰናብታል። ደመወዝ የለም፤ እንጀራም የለም።

ጭሰኛው ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረበት። ካመረተው ላይ ለባለ መሬቱ ይከፍል ስለነበር ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ትንሽ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ። ሆኖም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ተመልሶ መጣ። ያኔ ድርቅም ጦርነትም ነበር። በዚያ ላይ ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። እህል የጫነ ነጋዴም በየኬላው ይታገድ ነበር። ስለዚህ እህል ከተረፈበት አገር ወደ ጎደለበት አገር እንደ ልብ አልሄደም። የኮታው ሥርዓት የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ረሃብ መምጣቱን ለማወቅ ሰማዩን ማየት ብቻ አይበቃም። ገበያውንም ማየት ያስፈልጋል። በሬ ሲረክስ፣ ሰው የእርሻ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ሥራ ፈላጊው ሲበዛ፣ ይህ የረሃብ ምልክት ነው። እርዳታውም ሰው በሬውን ሳይሸጥ መድረስ አለበት። በሬውን የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣም በምን ያርሳል? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የዚህ ዓይነት ሐሳብ ያለበት ነው። አቅም ያለው ሰው የአካባቢ ልማት ሥራ ይሠራል፤ በገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለዋል። ጥሪቱን ሳይጨርስ ክፉውን ቀን እንዲያልፍ ነው።

እናንተም አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ ደብተር ያዙ። በየገበያው ቀን አንድ ኩንታል እህል ስንት እንደሆነ ጻፉ። አንድ በግ ስንት እንደተሸጠም ከጎኑ ጻፉ። ከወር በኋላ ሁለቱን ቁጥር አስተያዩ። በጉ ከወር ወር የሚገዛው እህል እያነሰ ከሄደ ለጎረቤት ንገሩ፤ ለቀበሌም አመልክቱ። በወሎ ያን ጊዜ ይህን የሚናገር ቁጥር በገበያው ውስጥ ነበር። በጊዜው ያነበበው ግን አልነበረም።