ዕቃው ተጫነ፤ ጎረቤትስ?

«ሰፈር» የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ዱሮ ንጉሥ ሲዘምት ከተማው ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከል ግርግር የለም፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰፍራል። ቦታው ይቀየራል እንጂ ጎረቤት አይቀየርም። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም በዚሁ ወግ በመኳንንቱ ዙሪያ ሰፈረች። «ራስ መኮንን ሰፈር»፣ «ደጃች ውቤ ሰፈር» የምንለው ለዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ የተነሣው ሰው ግን አንዱ አራብሳ፣ ሌላው ሌላ ጫፍ ወደቀ። ብርጭቆው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ፍራሹ ታስሮ አይሱዙ ላይ ተጫነ። እድሩንና የቡና ጎረቤቱን የሚጭን መኪና ግን ከየት ይምጣ?

እና ወዳጄ፣ ቤት ልትለቅ ከሆነ ካርቶን ከመፈለግህ በፊት አብሮህ የሚሰፍር ጎረቤት ፈልግ። ዕቃ ቢሰበር ይተካል።