በበረዶ ወራት ወደ ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከመብረር በፊት የመንደርደሪያን ሁኔታ ማጣራት

በአገራችን ክረምት ሲባል ዝናብ፣ ጭቃና ጉም ይታሰባል። በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ግን ክረምት ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚዘልቅ የበረዶ ወቅት ነው። በእነዚህ ወራት የአቪዬሽን ባለሙያዎችን በእጅጉ ከሚያሳስቧቸው ጉዳዮች አንዱ፣ አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት መንደርደሪያ በበረዶ ሲሸፈን የሚያስከትለው አደጋ ነው። ችግሩ ትላልቅ ዓለም አቀፍ ማረፊያዎችንም የሚነካ ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚጎላው በቂ የሰው ኃይልና የበረዶ መጥረጊያ መሣሪያ በሌላቸው ትናንሽ ማረፊያዎች ነው።

አውሮፕላን መሬት ከነካ በኋላ ፍሬኑ በአግባቡ የሚሠራው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል በቂ ፍትጊያ ሲኖር ነው። በረዶ ወይም ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ይህ ፍትጊያ ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀትም ይረዝማል። ውሃው ጥልቀት ካለው ደግሞ ጎማው አስፋልቱን ሳይነካ በላዩ ተንሳፎ ሊሄድ ይችላል። በአቪዬሽን በተለመደው ስሌት መሠረት የጎማው የአየር ግፊት 36 ፒ.ኤስ.አይ. የሆነ ትንሽ አውሮፕላን በ54 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት መንሳፈፍ ሊጀምር ይችላል።

አደጋው በማረፍ ጊዜ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከውሃ ጋር የተቀላቀለ የቀለጠ በረዶ ለመነሳት የሚንደረደረውን አውሮፕላን ጎማ እየያዘ ፍጥነቱን ይጎትታል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 በጀርመን ሙኒክ ከተማ የማንቸስተር ዩናይትድ እግር ኳስ ቡድንን ያሳፈረ አውሮፕላን ለሦስተኛ ጊዜ ለመነሳት ሲሞክር ከመንደርደሪያው አልፎ በመከስከሱ 23 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የጀርመን መርማሪዎች ምክንያቱ በክንፉ ላይ የነበረ በረዶ ነው ቢሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የብሪታንያ ምርመራ ውጤት መንስዔው በመንደርደሪያው ላይ የነበረው የቀለጠ በረዶ መሆኑን በመግለጽ አብራሪውን ነፃ አድርጎታል።

የመንደርደሪያ መረጃ አሰጣጥ ሥርዓት እንዲሻሻል ግፊት ያደረገው ሌላው አደጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2005 በአሜሪካ ቺካጎ ሚድዌይ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ካረፈ በኋላ መቆም ባለመቻሉ አጥሩን ጥሶ ወደ መኪና መንገድ በመውጣቱ፣ በመኪና ውስጥ የነበረ የ6 ዓመት ሕፃን ሕይወቱ አልፏል። የአገሪቱ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ምክንያት አብራሪዎቹ የሞተሩን የኋሊት ግፊት በወቅቱ አለመጠቀማቸው ነው ብሏል። ይሁን እንጂ አስቀድመው ካረፉ አውሮፕላኖች ስለ ፍሬን አያያዝ የተገኙት መረጃዎች የተለያዩ እንደነበሩም በምርመራው ተመልክቷል።

ከአደጋው በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የጄት አውሮፕላን ኦፕሬተሮች ከማረፋቸው በፊት የሚያስፈልጋቸውን ርቀት በወቅቱ ሁኔታ እንደገና እንዲያሰሉና ቢያንስ 15 በመቶ የደኅንነት ትርፍ እንዲጨምሩ መክሯል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2016 ጀምሮም አንድ ወጥ የሆነ የመንደርደሪያ ሁኔታ መለያ ቁጥር በአገሪቱ ሥራ ላይ ውሏል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ተመሳሳይ አሠራር እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ በአባል አገሮች ተግባራዊ እንዲሆን አድርጓል።

በዚህ አሠራር መሠረት መንደርደሪያው በርዝመቱ በሦስት እኩል ክፍሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ከ6 እስከ 0 የሚደርስ ቁጥር ይሰጠዋል። 6 ደረቅ መንደርደሪያን ያመለክታል። ውርጭ ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውሃና በረዶ ሲኖር 5 ይሆናል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲሆን የተጠቀጠቀ በረዶ 4 ያሰጣል፤ ከዚህ በሞቀ አየር ግን ወደ 3 ይወርዳል። ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጥልቀት ያለው ደረቅ ወይም እርጥብ በረዶም 3 ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ የተኛ ውሃ ወይም የቀለጠ በረዶ 2፣ ግግር በረዶ 1 ሲሆኑ፣ ውሃ የለበሰ ግግር በረዶ 0 ይሰጠዋል። በመሆኑም 5/3/2 የሚል ሪፖርት የደረሰው አብራሪ የመንደርደሪያው መጨረሻ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ እንደሆነ ይረዳል።

ቁጥሩ ግን በራሱ አይመጣም። አንድ ሠራተኛ ወደ መንደርደሪያው ወጥቶ የበረዶውን ዓይነት፣ ጥልቀትና ስፋት ተመልክቶ፣ ያየበትን ሰዓት መዝግቦ ማስተላለፍ ይኖርበታል። የትናንሽ ማረፊያዎች ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ከሆኑት 5 ሺህ ገደማ ማረፊያዎች መካከል የመቆጣጠሪያ ማማ ያላቸው 500 ያህሉ ብቻ ናቸው። በብዙዎቹ በረዶ የሚጠርገውም፣ ሁኔታውን የሚመረምረውም፣ ማስታወቂያውን የሚያወጣውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ከሄደ ሌሊት የጣለውን በረዶ የሚያሳውቅ አይኖርም። ስለዚህ ማስታወቂያ አለመውጣቱ መንደርደሪያው ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

በዚህም ምክንያት ወደ ትናንሽ ማረፊያዎች ከመብረር በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ተገቢ ነው።

አንደኛ፣ ኖታም የተባለውን የበረራ ማስታወቂያ ማንበብና የወጣበትን ሰዓት ማየት። በዓለም አቀፉ አሠራር ስኖውታም የሚባለው የበረዶ ማስታወቂያ የሚጸናው ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው።

ሁለተኛ፣ የማረፊያውን ኃላፊ በስልክ ማነጋገር። መንደርደሪያው መቼ ተጠረገ? በሙሉ ስፋቱ ነው ወይስ መሐሉ ብቻ? በዳርና በዳር የተከመረው በረዶ ክንፍ የሚነካ ነው? የዳር መብራቶቹ ይታያሉ? ወደ ማቆሚያው የሚወስደው መንገድስ ተጠርጓል? እነዚህ ጥያቄዎች በማስታወቂያ ላይ ሙሉ መልስ ላያገኙ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ የአየር ሁኔታውን አካሄድ መከታተል። አውቶማቲክ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ነፋስን፣ ሙቀትንና የእይታ ርቀትን ይናገራል እንጂ መንደርደሪያው ምን እንደለበሰ አይናገርም። ሆኖም ቀን ላይ ከዜሮ በላይ የነበረው ሙቀት ወደ ማታ ከዜሮ በታች ከወረደ የቀለጠው በረዶ ተመልሶ ወደ ግግር በረዶ ሊለወጥ እንደሚችል ይጠቁማል።

አራተኛ፣ አስቀድመው ያረፉ አብራሪዎችን መረጃ ከአውሮፕላኑ ዓይነትና ከሰዓቱ ጋር ማገናዘብ። ከባድ ጄት ያረፈ አብራሪ “ጥሩ ነው” ያለው መንደርደሪያ ለትንሽ አውሮፕላን እንዲሁ ላይሆን ይችላል።

አምስተኛ፣ የሚያስፈልገውን ርቀትና ከጎን የሚመጣውን ነፋስ በተገኘው መረጃ ማስላት፣ እንዲሁም የተሻለ መንደርደሪያ ያለው አማራጭ ማረፊያ መርጦ እስከዚያ የሚያደርስ ነዳጅ መያዝ።

ስፍራው ከደረሱ በኋላም ማማ በሌለበት ማረፊያ በሬዲዮ ማሳወቅና የበረዶ መጥረጊያ ተሽከርካሪ በመንደርደሪያው ላይ አለመኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው። ያረፈው አብራሪም በተራው ያየውን ለሚከተለው ማስተላለፍ ይጠበቅበታል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1944ቱን የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከተቀበሉ አገሮች አንዷ ነች። አየር መንገዷም ስቶክሆልምንና ቶሮንቶን ወደመሳሰሉ በረዷማ ከተሞች ይበራል። ከዚህም በላይ አሠራሩ በረዶ ለማያውቁ የአገር ውስጥ ማረፊያዎችም ትርጉም አለው። ከላይ እንደተገለጸው የውሃው ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ የመንደርደሪያው ቁጥር ከ5 በቀጥታ ወደ 2 ያሽቆለቁላል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ወቅት የውሃ መውረጃ ቦይ መደፈን ይህን ለውጥ ሊያስከትል ይችላል። በተጨማሪም በደጋው የአገራችን ክፍል አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን መሬት የሚነካበት ትክክለኛ ፍጥነት ከባህር ጠለል አካባቢ ካለው ይበልጣል፤ ልዩነቱ በአዲስ አበባ ከፍታ ከ10 በመቶ በላይ ነው። የመለያ ቁጥሩ የተዘጋጀው ለአስፋልትና ለኮንክሪት በመሆኑ ደግሞ በጠጠርና በአፈር መንደርደሪያዎች የሠራተኛው የዓይን ምርመራ የበለጠ ወሳኝ ይሆናል።

ከዚህ አንፃር ማረፊያ የሚያስተዳድር የሥራ ኃላፊ ማለዳ መንደርደሪያውን የሚመለከት ሰው፣ የሚለካበት መሣሪያና መረጃውን የሚያስተላልፍበት መስመር መኖራቸውን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለሥራ ጉዳይ የሚጓዝ ኃላፊም አብራሪው መረጃው አልተሟላም ብሎ በረራውን ሲያዘገይ ወይም ወደ ሌላ ማረፊያ ሲያዞር ውሳኔውን ሊያከብርለት ይገባል። በስብሰባ ሰዓት ምክንያት የሚደረግ ግፊት አብራሪው ያልተጣራ መንደርደሪያ ላይ እንዲያርፍ ሊያደርገው ይችላልና።