ዜና ኤድዋርድ ሊር፣ ሠዓሌ በቀቀን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1812 ኤድዋርድ ሊር በለንደን፣ ሆሎዌይ በተባለው ሰፈር ተወለደ። ለእናቱ 20ኛ ልጅ ነበር። የአባቱ ኑሮ በዕዳ በተናጋ ጊዜ በ21 ዓመት የምትበልጠው እኅቱ አን ተቀብላ አሳደገችው። ገና በልጅነቱ የሚጥል በሽታ ያዘው፤ ‹ጋኔኑ› እያለ ይጠራው ነበር፤ ዕድሜውንም ሙሉ ከሰው ሸሸገው።

18 ዓመት በሞላው ጊዜ ወደ ለንደን የእንስሳት ማኅበር ግቢ ገብቶ በቀቀን ይሥል ጀመር። የዘመኑ ሠዓሊዎች ቆዳው ተሞልቶ ከደረቀ ወፍ ላይ ሲቀዱ፣ ሊር ግን ጠባቂው በሕይወት ያለውን ወፍ ይዞለት ክንፉንና ምንቃሩን እየለካ ሣለ። ከዚያም ሥዕሉን በገዛ እጁ በማተሚያ ድንጋይ ላይ አሳረፈው። እስከ 1832 ድረስ 42 ሥዕሎች አሳተመ።

ይህን ያየው ሎርድ ስታንሊ፣ በኋላ 13ኛው የደርቢ ኧርል የሆነው፣ በሊቨርፑል አጠገብ በኖውስሊ ያረባቸውን እንስሳት እንዲሥልለት አስጠራው። ሊርም ቀን አራዊቱን እየሣለ፣ ሲያርፍ ለቤቱ ልጆች ሣቅ የሚያጭሩ አጫጭር ግጥሞች ይገጥም፣ በየግጥሙም ላይ ሥዕል ይጨምር ነበር። በ1846 ግጥሞቹ ‹የቧልት መጽሐፍ› ተብለው ሲታተሙ ስሙን ሸሽጎ በብዕር ስም አወጣቸው። በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ ሥዕል እንዲያስተምራቸው አስጠሩት፤ 12 ጊዜም አስተማራቸው።

የመጽሐፉ ውበት ያለው ከግጥሙና ከሥዕሉ መጋጠሚያ ላይ ነው። በአንደኛው ገጽ ወፎች ጎጆ የሠሩበት ጢም ያለው ሽማግሌ ይታያል። ግጥሙ ነገሩን በአጭሩ ነግሮ ያልፋል፤ ሥዕሉ ግን ጉጉቶቹንም ዶሮዋንም በጢሙ ላይ አስቀምጦ ያሳያል። መስመሩ ሕፃን የጫረው ይመስላል። ሆኖም ወፍ እንዴት እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ ያወቀው እጅ ያው የበቀቀኖቹ እጅ ነው፤ ስለዚህ የማይሆነው ነገር የሆነ ይመስላል። ልጅ ማንበብ ባይችል እንኳ ሥዕሉን አይቶ ይሥቃል፤ ሲነበብለት ደግሞ ዳግመኛ ይሥቃል።

በ1861 መጽሐፉ ሰፍቶ በገዛ ስሙ ወጣ፤ ይህም ጸሐፊው እርሱ መሆኑን ሰውን ሁሉ አላሳመነም። ሊር ራሱ እንደጻፈው፣ አንድ ቀን በባቡር ሲሄድ አንድ ሽማግሌ፣ ‹ኤድዋርድ ሊር የሚባል ሰው የለም፤ ጸሐፊው ኧርሉ ነው› ብለው ለተሳፋሪዎች ሲያስረዱ ሰማ። የኧርሉም ስም ኤድዋርድ ነበርና፣ ‹ሊር› የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታው ቢለዋወጥ ‹ኧርል› ይሆናል። ሊርም ባርኔጣውን አውልቆ በውስጡ የተጻፈውን ስሙን አሳያቸው፤ መሐረቡንም ጨመረ።

በ1867 በካን ከተማ ሳለ ለወዳጁ ለሳይመንድስ ትንሽ ልጅ፣ ስለ ጉጉትና ድመት በጀልባ መጓዝ አንድ መዝሙር ጻፈላት። በኋላም በኢጣልያ ሳን ሬሞ ቤት ሠርቶ ከድመቱ ከፎስ ጋር ተቀመጠ። ፎስ ጅራቱ የተቆረጠ ነበር፤ ሊር በሣለው ጊዜ ሁሉ ያችን ጉርድ ጅራት አልረሳም። በ1887 ፎስ ሞተ፤ በአትክልቱም ውስጥ ቀበረው። በተከታዩ ዓመት ጃንዋሪ 29 ቀን ሊር በዚያው በሳን ሬሞ ዐረፈ።