ንጠላ፦ ሁለት ሬዲዮ አንድ ስዊች ሲጋሩ

ንጠላ፦ በእንግሊዝኛው አይሶሌሽን የሚባለው ነው። በአንድ የአንቴና ስዊች ውስጥ የሚያልፉ ሁለት መስመሮች ምን ያህል እንደተነጣጠሉ ይገልጻል። የሚለካው በዴሲቤል ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሾልከው ኃይል ያንሳል። «ከለላ» የሽቦ ሽፋንን፣ «ልየታ» ደግሞ የፊልተርን ሥራ ስለሚያስታውሱ «ነጠለ» ከሚለው ግስ «ንጠላ» ማለቱ ይመረጣል።

ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ሬዲዮ ብቻ ባለው የአማተር ጣቢያ ንጠላ ብዙም አያሳስብም። ጉዳዩ የሚከብደው ሁለት ትራንሲቨሮች ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው። የአሜሪካና የካናዳ አማተሮች በየዓመቱ በሰኔ ወር ሜዳ ወጥተው በሚያካሂዱት «ፊልድ ዴይ» በአንድ ድንኳን ሥር አንዱ በ40 ሜትር ባንድ ሲያሰራጭ ሌላው በ20 ሜትር ባንድ ከሩቅ የሚመጣ ደካማ ድምፅ ያዳምጣል። ለእንዲህ ያለው ጣቢያ «ስድስት በሁለት» የሚባለው ስዊች ይመቻል፤ ስድስት አንቴናዎችን ለሁለት ሬዲዮዎች ያዳርሳል።

የተለመደው የማሰራጫ ኃይል 100 ዋት ነው። በእያንዳንዱ 10 ዴሲቤል የሚሾልከው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ንጠላው 20 ዴሲቤል ከሆነ ወደ ሁለተኛው ሬዲዮ 1 ዋት ይገባል፤ ይህ መቀበያውን ሊያቃጥል ይችላል። 60 ዴሲቤል ሲሆን ግን የሚደርሰው የ1 ሚሊዋት አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። መቀበያው ከመቃጠል ይተርፋል። ይሁንና ጠንካራ የሚባለው የኤስ 9 ምልክት የ1 ዋት አንድ ሃያ ቢሊዮንኛ ብቻ ስለሆነ ቀሪውን በየባንዱ የሚገጠም ፊልተር መቀነስ አለበት።

ስዊቹ እንዴት ይዘጋጅ?

በመጀመሪያ፣ ሬዲዮ 1 የያዘውን አንቴና ሬዲዮ 2 መምረጥ እንዳይችል መቆለፊያው ሥራ ላይ ይዋል። ሁለተኛ፣ ማሰራጫው ኃይል እየላከ ሳለ ሪሌይ እንዳይቀየር ይከልከል፤ በዚያች ቅጽበት በመገናኛዎቹ መካከል ብልጭታ ተነሥቶ ይበላቸዋል። ሦስተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አንቴናዎች ከሬዲዮዎቹ እንዲላቀቁ ይደረግ። ስዊቹ ባንዱን በራሱ ከሬዲዮው የሚያነብ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ባንድ ለትክክለኛው አንቴና መመደቡን በዝቅተኛ ኃይል መሞከር ይገባል።

እንዴት ይለካል?

ሁለት የአንቴና መግቢያዎች ላይ በአንቴና ምትክ የ50 ኦም ደሚ ሎድ ይታሰርና ሬዲዮ 1 አንዱን፣ ሬዲዮ 2 ሌላውን እንዲይዙ ይመረጣል። ከዚያ መላኪያና መቀበያ ያለው የመለኪያ መሣሪያ ይወሰድና መላኪያው በሬዲዮ 1 መግቢያ፣ መቀበያው በሬዲዮ 2 መግቢያ ይገጠማል፤ ከ1.8 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ንጠላው ይቀንሳል። ስለዚህ «60 ዴሲቤል» የሚል ማስታወቂያ የሚያይ ገዢ «በስንት ሜጋኸርዝ?» ብሎ ይጠይቅ።

ንጠላ የማይፈታው

ስዊቹ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አንቴናዎቹ ተጠጋግተው ከቆሙ ኃይሉ በአየር ይሻገራል። ከዚህ የሚብሰው ሃርሞኒክ ነው። በ7.030 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ ሬዲዮ እጥፉን በ14.060 ላይ ይጥላል፤ ይህም ጎረቤቱ በሚያዳምጥበት የ20 ሜትር ባንድ ውስጥ ነው። በመቀበያው በኩል የሚገጠም ፊልተር ይህን እንደ ራሱ ምልክት አይቶ ያሳልፈዋል። መፍትሔው ፊልተሩን በሚያሰራጨው ሬዲዮ መውጫ ላይ መግጠም ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሬዲዮ ስዊች የሚመርጥ ሰው የመግቢያዎቹን ብዛት ከመቁጠሩ በፊት ንጠላውን ይመልከት። የጎደለ መግቢያ በሌላ ስዊች ሊሟላ ይችላል፤ የተቃጠለ መቀበያ ግን በቀላሉ አይተካም።