ኮሶ የሚጠጣበት ቀን

ሰውነትን ለማጽዳት ተብሎ በየቤቱ የሚሞከረው የጥቂት ቀን አመጋገብ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ኮሶ ነበረውና። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የኮሶ ልማድ የሚያስወጣውን ነገር ለይቶ ያውቅ ነበር። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ ስለዚህ በየአንድ ወይም በየሁለት ወሩ የሴቴው የኮሶ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ ይወቀጥ፣ በውሃ ይበጠበጥና ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ትሉ ሲወጣ በዓይን ይታያል፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ምን አለ? እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገልጾታል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደረሰ። ዛሬ «መርዝ ያወጣል» የሚባለው ጭማቂ ግን የትኛውን መርዝ እንደሚያወጣ አይነግረንም፤ ያን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ዕለት ዕለት ይሠሩታል።

ምግብ መራጭ ሰው ያን መራራ መድኃኒት እንዴት ይችለዋል የሚል ይኖራል። መልሱ ከልማዱ አሠራር ይገኛል፤ ምሬቱ የአንድ ማለዳ እንጂ የሳምንት አልነበረም። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ኮሶ ዓይን እስከማጥፋት ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ይህን አልክድም። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ዘመናዊ መድኃኒቶች ቦታውን መውሰዳቸውም ተገቢ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚገድሉት ያንኑ ትል ነው።